አንድ ጃንጎ ለሁሉም አካውንት፦ በደሴ የኮምፒውተር ክፍላችን ያሳለፍኳቸው አራት ቀናት

ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል ኮምፒውተሮቹን መጠበቅና ለትምህርት ዝግጁ ማድረግ የእኔ ሥራ ነው። በክፍሉ ኡቡንቱ 24.04 (ከሊኑክስ ቤተሰብ የሆነ ሥርዓተ ክወና) የተጫነባቸው 14 ኮምፒውተሮች አሉ፤ የጠዋት፣ የከሰዓትና የማታ ተማሪዎች በፈረቃ ስለሚጋሯቸው በእያንዳንዱ ላይ ሦስት የተማሪ አካውንትና አንድ የእኔ የአስተዳዳሪ አካውንት ተከፍቷል። ባለፈው ክረምት ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ድረ ገጽ መሥራትን ማስተማር ስንጀምር፣ ጃንጎ የተባለውን የድረ ገጽ ማዕቀፍ በየኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ብቻ ጭኜ፣ ማንም ተማሪ በራሱ አካውንት ገብቶ በፕሮግራሙ ውስጥ ኢምፖርት (አስገባ) ሲለው ያለ ተጨማሪ ጣጣ እንዲገኝለት ማድረግ በእኔ ላይ ወደቀ። የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር፤ አራት ቀን ፈጀ። ከአራቱ ቀናት ሦስቱ ያለቁት ፓይተን ሞጁል (በኢምፖርት የሚጠራ የተዘጋጀ ኮድ) የሚፈልገው የት የት እንደሆነና የሚፈልገውም በማን ስም እንደሆነ ሳልጠይቅ ስሞክር በመሆኑ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚጠብቃችሁ ሰዎች ያንኑ እንዳትደግሙት የሆነውን በቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ። የትእዛዞቹን ስም እዚህ በፊደላችን ብጽፈውም በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል መሆኑን ልብ በሉ፤ በማዕቀፉ ስም መጀመሪያ ላይ ያለችው «ዲ» ትጻፋለች እንጂ አትነበብም።

ለእያንዳንዱ ተማሪ ለምን የየራሱን ቬንቭ (ጥቅሎች ከሌላው ተለይተው የሚጫኑበት የፓይተን ፎልደር) እንዳልሠራሁ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። የጃንጎ ጥቅል ብቻውን 8 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 42 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ከኢንተርኔት ያውርዱ ቢባል ከ330 ሜጋባይት በላይ ይሆናል፤ ክፍሉ ደግሞ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከእኔ ስልክ ሲሆን መብራትም በመሃል ይጠፋል። ከዚህም በላይ ትምህርቱን የሚጀምሩት አብዛኞቹ ተርሚናል ከዚያ በፊት ከፍተው የማያውቁ፣ ገሚሶቹም ከሐይቅና ከኩታበር ከተሞች እየተመላለሱ የሚማሩ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ቬንቭን ስለመክፈትና ስለመዝጋት ሆኖ ቢያልቅ ድረ ገጹ ጋ ሳንደርስ ግማሾቹ ይቀራሉ የሚል ስጋት ነበረኝ።

ወደ ሙከራዎቹ ከመግባቴ በፊት፣ ኋላ ላይ የገባኝን ነገር ላስቀድም። ፓይተን «ኢምፖርት ጃንጎ» የሚል መስመር ሲደርሰው ኮምፒውተሩን በሙሉ አያስስም። በእጁ አንድ የፎልደሮች ዝርዝር አለው፤ ስሙም ሲስ ዶት ፓዝ ይባላል። ከዝርዝሩ አናት ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ በየፎልደሩ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ ነገር መኖሩን ያያል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ፍለጋውን እዚያው ያቆማል፤ ዝርዝሩ ካለቀበት ደግሞ በዚህ ስም ሞጁል የለም ብሎ ይመልሳል። በአናቱ ላይ የሚቀመጠው የሚሠራው ፕሮግራም ራሱ ያለበት ፎልደር ነው። ቀጥሎ ፓይተንፓዝ በተባለው ተለዋዋጭ (ፕሮግራሞች ሲነሱ በስሙ የሚያነቡት ቅንብር) ውስጥ የተጻፉት ፎልደሮች ካሉ እነሱ ይመጣሉ። ከዚያ ከፓይተን ጋር አብረው የሚመጡት መደበኛ ሞጁሎች፣ ከእነሱ በኋላ በተጠቃሚው የቤት ፎልደር ውስጥ ዶት ሎካል በተባለው ስውር ፎልደር ሥር ያለው የግል ማስቀመጫ፣ በመጨረሻም የኮምፒውተሩ የጋራ ማስቀመጫ ይከተላል። ይህ የጋራ ማስቀመጫ በብዙ ሥርዓቶች ሳይት-ፓኬጅስ ሲባል ኡቡንቱ በተመሠረተበት በዴቢያንና በራሱ በኡቡንቱ ግን ዲስት-ፓኬጅስ ይባላል፤ እሱም ሁለት ነው፦ በዩኤስአር ሎካል ሥር ያለው አስተዳዳሪው በእጁ ለሚያስገባው፣ በዩኤስአር ሊብ ሥር ያለው ደግሞ የኡቡንቱ ጥቅል መጫኛ የሆነው አፕት ለሚጭነው የተተወ ነው። ዝርዝሩን በዓይናችሁ ለማየት ፓይተን3 ብላችሁ፣ ሰረዝ ኤም አስከትላችሁ፣ ሳይት የሚለውን ቃል ጨምራችሁ ኢንተር መጫን ይበቃል። ይህችን አንዲት ትእዛዝ በመጀመሪያው ቀን ባውቃት ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ያደረግሁት ማንም የሚያደርገውን ነው፤ በራሴ አካውንት ገብቼ የፓይተን ጥቅሎች መጫኛ የሆነውን ፒፕን ጃንጎ ጫን አልኩት። ፒፕ እምቢ አለ። ይህ ፓይተን በውጭ የሚተዳደር ስለሆነ አልነካውም የሚል ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ መልእክት አወጣ። ይህ አሠራር ፔፕ 668 በተባለው ስምምነት የመጣ ሲሆን፣ በዴቢያን ከ12ኛው፣ በኡቡንቱ ከ23.04 እትም ጀምሮ ይሠራበታል። ምክንያቱም ከባድ ነው፦ ኡቡንቱ ራሱ ብዙ የውስጥ ሥራውን የሚሠራው በዚሁ ፓይተን ስለሆነ፣ ፒፕ በሱዶ (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያስኬደው) የሚያስገባው ነገር በፍለጋው ዝርዝር ላይ አፕት ከጫነው ቀድሞ ይገኛል፤ ሥርዓቱ የለመደውን ሞጁል ትቶ አዲሱን ሲያነሳ የማይሠራ ነገር ሊፈጠር ይችላል። እኔ ግን መልእክቱን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም። ከሥሩ የተጠቀሰውን፣ ስሙ ራሱ «የሥርዓቱን ጥቅሎች ስበር» የሚለውን አማራጭ ጨምሬ ደገምኩት፤ ያለ ሱዶ ስለነበር ፒፕ ሳያስቸግር የግል ማስቀመጫዬ ውስጥ ጫነው። ኢምፖርት አልኩት፣ ገባ። በ14ቱም ላይ እንዲሁ አድርጌ ማታ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ገና ክፍሉ ሳይሞላ አንድ ተማሪ እጁን አነሳ።

«ቲቸር፣ እኔ ጋ እምቢ ብሏል፤ ሞጁል የለም ይላል።»

«አብሽር፣ ስሙን አሳስተኸው ይሆናል» ብዬ ሄጄ ሳይ ስሙ ትክክል ነው። ጎኑ ያለው ተማሪም ያው ነው፤ የመላው ክፍል መልስ ያው ነው። የጫንኩት ለእኔ ብቻ ነበር፤ ተማሪዎቹ በየራሳቸው አካውንት ሲገቡ ዝርዝራቸው የእኔን ዶት ሎካል አያካትትም።

ሁለተኛውን ስህተት የሠራሁት የስህተት መልእክት አምኜ ነው። የጃንጎ ፕሮጀክት ሲፈጠር ማኔጅ የተባለ ፋይል አብሮ ይፈጠራል፤ ይህ ፋይል ጃንጎን ማግኘት ሲያቅተው ጃንጎ መጫኑንና በፓይተንፓዝ ላይ መኖሩን እርግጠኛ ነህ ወይ፣ ቬንቭህን ማስነሳት ረስተህ ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ፓይተንፓዝ የሚል ቃል ሳይ መፍትሔው ይኸው ነው አልኩ። ጃንጎን በራሴ የቤት ፎልደር ውስጥ በአንድ ንዑስ ፎልደር አስቀምጬ፣ የፎልደሩን አድራሻ በአንዱ ኮምፒውተር የተማሪ አካውንት ዶት ባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ፓይተንፓዝ ብዬ ጻፍኩት። በሌላ ምክንያት፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ፣ አልሠራም እንጂ ቢሠራም መንገዱ ራሱ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይሆንም። ዶት ባሽአርሲ የሚነበበው ተርሚናል ሲከፈት ብቻ ስለሆነ፣ ተማሪው የኮድ መጻፊያውን ከሜኑ ላይ ጠቅ አድርጎ ቢከፍተው ፓይተንፓዝን አያገኘውም፤ በሱዶ የሚሠራ ትእዛዝም በመደበኛው አሠራር ይህን ተለዋዋጭ ይጥለዋል፤ በሰዓት የሚነሱ የክሮን ሥራዎችም ስለ ዶት ባሽአርሲ የሚያውቁት ነገር የለም። በዚያ ላይ የተጻፈው ነገር ከመደበኛዎቹ ሞጁሎች ቀድሞ ስለሚታይ፣ በዚያ አካውንት የሚነሳውን ማንኛውንም የፓይተን ፕሮግራም ይነካል። ፓይተንፓዝ ለአንድ ሙከራ፣ ለአንድ ተርሚናል ጥሩ ነው። ለክፍል ሙሉ ሰው ግን አላስቀምጠውም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ቀላሉን መንገድ ልናገር፤ ምክንያቱም ለብዙዎቻችሁ ይኸው ስለሚበቃችሁ ቀሪውን ማንበብ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ኡቡንቱ ጃንጎን በራሱ መጋዘን ይይዛል፤ ፓይተን3-ጃንጎ የተባለውን ጥቅል በአፕት መጫን ለሁሉም አካውንት በአንድ ጊዜ ያደርሰዋል፤ የደኅንነት ማስተካከያውም ከሥርዓቱ ጋር ይመጣል። ጉድለቱ እትሙን እናንተ አለመምረጣችሁ ነው፦ በ22.04 ላይ የሚገኘው 3.2፣ በ24.04 ላይ የሚገኘው 4.2 ነው። የእኛ ትምህርት የተዘጋጀው በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. በወጣውና እስከ ሚያዝያ 2028 ድረስ ድጋፍ በሚሰጠው በ5.2 ስለነበር ይህ መንገድ አልሆነልኝም። በትምህርታችሁ ወይም በሥራችሁ ላይ እትሙ ለውጥ ካላመጣ ግን አፕትን ተጠቀሙና ዕረፉ።

በሦስተኛው ቀን የዶት ፒቲኤች ፋይልን አገኘሁ። ነገሩ እጅግ ቀላል ነው። በጋራ ማስቀመጫው፣ ማለትም በዩኤስአር፣ በሎካል፣ በሊብ፣ በፓይተን3.12፣ በዲስት-ፓኬጅስ ውስጥ፣ ስሙ በዶት ፒቲኤች የሚያልቅ ተራ የጽሑፍ ፋይል ታስቀምጣላችሁ፤ በውስጡ በአንድ መስመር ላይ የአንድ ፎልደር ሙሉ አድራሻ ትጽፋላችሁ፤ ፓይተን በተነሳ ቁጥር ፋይሉን አንብቦ ያንን አድራሻ በዝርዝሩ ላይ ይጨምረዋል። ተርሚናል ይሁን ሜኑ፣ ሱዶ ይሁን ክሮን ለውጥ የለውም፤ የሚያነበው ፓይተን ራሱ እንጂ ሼሉ (የተርሚናሉን ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) አይደለምና። ፋይሉን ጻፍኩ፤ በውስጡም በቤት ፎልደሬ ያስቀመጥኩትን የጃንጎ ፎልደር አድራሻ አሰፈርኩ። በእኔ አካውንት ሠራ። በተማሪው አካውንት ገባሁ፤ ሞጁል የለም።

የዚያን ዕለት ማታ የማታ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ እዚያው ቀረሁ። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጭጋግ መስኮቱን ዘግቶት ነበር፤ ክረምት ነው፣ የደሴ ብርድ የታወቀ ነው። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በእኔ አካውንት ገብቼ የፍለጋውን ዝርዝር በወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ወጥቼ በተማሪው አካውንት ገባሁና የእሱንም ከጎኑ ገለበጥኩ። መስመር በመስመር ሳስተያይ፣ የቤት ፎልደሬን አድራሻ የያዘችው መስመር በእኔ ዝርዝር ላይ አለች፤ በተማሪው ላይ የለችም። ፋይሉ አንድ ነው፣ ኮምፒውተሩ አንድ ነው፣ ፓይተኑም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚያነበው ሰው ብቻ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነገሮች መገናኘታቸው ነበር። አንደኛ፣ ኡቡንቱ ከ21.04 እትም ጀምሮ አዲስ የሚፈጠር የቤት ፎልደርን ለሌላ ተጠቃሚ ዝግ አድርጎ ነው የሚፈጥረው፤ ባለቤቱና ቡድኑ ካልሆነ ማንም ወደ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ ፓይተን ከዶት ፒቲኤች ፋይል ያነበበውን አድራሻ በዝርዝሩ ላይ የሚጨምረው ፎልደሩ መኖሩን አረጋግጦ ነው፤ ከሌለ ያለ ምንም ቃል ይዘለዋል። ተማሪው ወደ እኔ ቤት ፎልደር መግባት ስለማይችል በውስጡ ያለው ፎልደር ለእሱ የሌለ ያህል ነው። ስለዚህ ፓይተን በእሱ ስም ሲጠይቅ «የለም» የሚል መልስ አገኘና ዘለለው። የማስጠንቀቂያ ቃል እንኳ አልወጣም። በሁለተኛው ቀን ፓይተንፓዝንም ያከሸፈው ይኸው የተዘጋ በር ነው። በዚህ ዝምታ ላይ እስከ ዛሬ ቅሬታ አለኝ፤ አንዲት መስመር ማስጠንቀቂያ ቢጽፍ ምን ነበረበት?

በአራተኛው ቀን ፎልደሩን ከቤቴ አውጥቼ ኦፕት ወደ ተባለው የጋራ ቦታ አዛወርኩት፤ ኦፕት አስተዳዳሪው ከአፕት ውጭ ለሚያመጣቸው ነገሮች የተለመደ ማረፊያ ነው። በዶት ፒቲኤች ፋይሉም ውስጥ አዲሱን አድራሻ ጻፍኩ። በተማሪው አካውንት ገብቼ ዝርዝሩን ሳይ መስመሯ አለች። ደስ እያለኝ ኢምፖርት አልኩ። ሞጁል የለም።

እዚህ ላይ ነው በእውነት የተናደድኩት፤ ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ፎልደሩ አለ፣ በፎልደሩ ውስጥ ጃንጎ አለ። የፎልደሩን ዝርዝር ሁኔታ በኤልኤስ ሰረዝ ኤልዲ ትእዛዝ ሳየው በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ዲ፣ አር፣ ደብሊው፣ ኤክስ የሚሉት ፊደላት ነበሩ፤ ከእነሱ በኋላ ስድስት ሰረዞች ተደርድረው ነበር። ሰረዞቹ ከባለቤቱ በቀር ለማንም ምንም አልተፈቀደም ማለት ናቸው። ለካ በሁለተኛው ቀን ተማሪዎች እንዳያበላሹት ብዬ ፎልደሩን ራሴው ዘግቼው ኖሯል፤ ሳዛውረው ደግሞ ፈቃዱ እንደነበረ አብሮት ተዛወረ። ፓይተን ሊያነበው የማይችለው ፎልደር ሲያጋጥመው ፈቃድ የለኝም ብሎ አይናገርም፤ እንደ ባዶ ፎልደር ቆጥሮት ያልፋል፤ በመጨረሻም ሞጁሉ የለም ይላል። እነዚህ ሁለት ስህተቶች ለተማሪው አንድ ዓይነት መልእክት ያሳያሉ፤ የሚለያቸው ዝርዝሩ ነው። አድራሻው በዝርዝሩ ላይ ከሌለ ወደ ፎልደሩ የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል ወይም አድራሻው ተሳስቷል፤ አድራሻው ኖሮ ሞጁሉ ካልተገኘ ግን ፎልደሩ ራሱ ተቆልፏል ወይም በእርግጥ ባዶ ነው። ይህን ልዩነት የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው አንድ ሙሉ ማታ የቆየሁት።

መፍትሔው ሁለት ትእዛዝ ነበር። በቾውን ባለቤትነቱን ከእኔ ወደ ሩት (የሥርዓቱ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት) አዛወርኩት፤ ይህም ማንም ተማሪ፣ እኔም ብሆን ሳላስበው፣ እንዳይነካው ነው። በቺሞድ ደግሞ ለሁሉም ማንበብን፣ ለፎልደሮች ብቻ መግባትን ፈቀድኩ፤ ለዚህ ትንሿን አርና ትልቁን ኤክስ ለሁሉም መጨመር ነው፤ ትልቁ ኤክስ ተራ ፋይሎችን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሳያደርግ ፎልደሮቹን ብቻ ይከፍታል። በተማሪው አካውንት ገባሁ፤ ኢምፖርት አልኩ፤ ያለ ምንም ቃል ወደ ቀጣዩ መስመር አለፈ። በፓይተን ዝምታ ጥሩ ዜና የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ከዚያ በኋላ ቀሪዎቹን 13 ኮምፒውተሮች ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ጨረስኳቸው፤ ኢንተርኔትም አላስፈለገኝም። መጀመሪያ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ በፒፕ ዳውንሎድ ጥቅሎቹን ወደ ፍላሽ አወረድኩ። ጃንጎ ብቻውን አይሄድም፤ ኤኤስጂአይሬፍና ኤስኪውኤልፓርስ የተባሉ ሁለት ትናንሽ ጥቅሎች ያስፈልጉታል፤ ፓይተናችሁ 3.10 ከሆነ ደግሞ ታይፒንግ-ኤክስቴንሽንስ የተባለ አራተኛ ይጨመራል። ከዚያ በየኮምፒውተሩ ላይ ፒፕ ከኢንተርኔት ምንም እንዳይፈልግና ከፍላሹ ፎልደር ብቻ እንዲያገኝ፣ በኦፕት ሥር ወዳለው ፎልደር ብቻ እንዲጭን ታርጌት የሚለውን አማራጭ ሰጥቼ በሱዶ አስነሳሁት። ታርጌት ሲሰጠው ፒፕ በመጀመሪያው ቀን ያሰማኝን ተቃውሞ አያሰማም፤ የሥርዓቱን ማስቀመጫ አይነካምና። ፒፕ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ቢያጋጥማችሁም አትጨነቁ፤ የጥቅሎቹ ፋይሎች ዊል ይባላሉ፤ በውስጣቸው ግን ተራ ዚፕ ናቸው፤ እነዚህ ሦስቱም ንጹሕ ፓይተን ስለሆኑ በፎልደሩ ውስጥ መፍታት ብቻ ይበቃል። እንደ ፒሎ ያሉት የምስል ጥቅሎች ግን በሲ ቋንቋ የተጻፈ ክፍል ስላላቸው ለተወሰነ የፓይተን እትምና ለተወሰነ ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ፋይል ይፈልጋሉ፤ እነሱን ከማንኛውም ቦታ አውርዶ በየትም መፍታት አይቻልም።

ትናንሽ ነገሮችም አሉ። በዚፕ ከፈታችሁት፣ ተማሪዎች በኦፕት ላይ መጻፍ ስለማይችሉ ፓይተን ለማስኬድ የተረጎመውን ኮድ ማስቀመጥ አይችልምና በተነሳ ቁጥር ትርጉሙን ከዜሮ ይጀምራል፤ ኮምፓይልኦል የተባለውን ሞጁል በሱዶ አንድ ጊዜ በፎልደሩ ላይ ማስነሳት ይህን ያስቀራል፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ ይታያል። በታርጌት የተጫነ ጃንጎ ጃንጎ-አድሚን የተባለውን ትእዛዝ ሼሉ በሚያውቀው ቦታ ስለማያስቀምጠው ተማሪዎቹ እሱን ሲጽፉ ትእዛዙ አልተገኘም ይባላሉ፤ እኔ በእሱ ፈንታ ፓይተን3 ሰረዝ ኤም ጃንጎ ብለው እንዲጽፉ አስተማርኳቸው፤ ሥራው አንድ ነው። አዲስ እትም ለማስገባት ስትፈልጉ ደግሞ ፒፕ በነባሩ ፎልደር ላይ ያለውን አይተካም፤ ፎልደሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ከቅልቅል ያድናል።

ሁሉም ከተስተካከለ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሰኞ ገበያ የእህል ዋጋ መመዝገቢያ የምትሆን ትንሽ ድረ ገጽ እየሠራን ሳለ፣ ከሐይቅ የምትመላለስ አንዲት ተማሪ ጠራችኝ።

«ቲቸር፣ የኔ ብቻ ነው የማይሠራው። ጎኔ ያለችው ይሠራላታል፤ ትናንት ለእኔም ይሠራልኝ ነበር።»

«አብሽሪ፣ እስኪ ልየው» አልኳት። ማያው ላይ ያው የማኔጅ ጥያቄ ነበር፦ ጃንጎ በፓይተንፓዝ ላይ አለ ወይ የሚለው። በሁለተኛው ቀን ያሳሳተኝ ጥያቄ ስለሆነ በዚህ ጊዜ አላመንኩትም። መልእክቱን ወደ ላይ ገፍቼ ሳነብ ከሱ በላይ ጃንጎ ጥቅል አይደለም የሚል ሌላ መስመር ነበር። የፕሮጀክት ፎልደሯን ስንከፍተው የትምህርቱን ማስታወሻና የልምምድ መስመሮቿን የጻፈችበትን ፋይል ጃንጎ ብላ ሰይማ ከማኔጅ ጎን አስቀምጣዋለች። ፓይተን ፍለጋውን የሚጀምረው ከፕሮግራሙ ፎልደር ስለሆነ የእሷን ማስታወሻ ማዕቀፉ ነው ብሎ ያዘው። የፋይሉን ስም «ማስታወሻ» በሚል ስትቀይረው ሠራ። በማዕቀፉም ሆነ በመደበኛ ሞጁሎች ስም ፋይል አለመሰየም ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ አካል ሆኗል።

ይህ አሠራር ለመማሪያ ክፍል እንጂ ለሁሉም ነገር አይሆንም። አንድ ሰው በኢንተርኔት ላይ የሚውል እውነተኛ ድረ ገጽ ሲሠራ ለዚያ ሥራ ብቻ የሚሆን ቬንቭ ይክፈት፤ የአንዱ ሥራ እትም የሌላውን እንዳይነካ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ከፍ ያሉት ተማሪዎቻችን በመጨረሻው ወር ቬንቭ ሲለማመዱ በጋራ ያስቀመጥኩት ጃንጎ ጠፋብን ብለው ነበር፤ ቬንቭ በመደበኛው አሠራሩ የኮምፒውተሩን የጋራ ማስቀመጫ ሆን ብሎ አያይም፤ ዶት ፒቲኤች ፋይሉም እዚያ ስላለ አብሮ ይቀራል። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ግን ቬንቩ ሲፈጠር ሲስተም-ሳይት-ፓኬጅስ የሚለውን አማራጭ መስጠት የጋራውን እያየ የራሱንም እንዲጨምር ያስችለዋል።

ዊንዶውስ ለምትጠቀሙ አጭር ቃል፦ ፓይተንን ስትጭኑ ለሁሉም ተጠቃሚ የሚለውን ምርጫ ካልወሰዳችሁ ፓይተኑ ራሱ የእናንተ አካውንት ብቻ ይሆናል። ለሁሉም ከጫናችሁት በኋላ ፒፕን በአስተዳዳሪነት በተከፈተ መስኮት አስነሱ፤ አለበለዚያ በእኔ የመጀመሪያ ቀን የሆነው ይሆናል፣ ጥቅሉ በእናንተ የግል ማስቀመጫ ውስጥ ይቀራል።

ስለ ዶት ፒቲኤች ፋይል ሁለት ጥንቃቄ አለ። በፋይሉ ውስጥ ኢምፖርት በሚል ቃል የሚጀምር መስመር ካለ ፓይተን እንደ አድራሻ አይቆጥረውም፤ እንደ ኮድ ያስኬደዋል፤ ያውም በኮምፒውተሩ ላይ ማንም ፓይተንን ባስነሳ ቁጥር። ስለዚህ ያ ማስቀመጫ ከሩት በቀር ማንም የማይጽፍበት ሆኖ መቆየት አለበት፤ ከማታውቁት ቦታ የመጣ ዶት ፒቲኤች ፋይልም ሳታነቡ አታስገቡ። ሌላው፣ ፋይሉ የሚቀመጥበት ፎልደር በስሙ ላይ የፓይተኑን እትም ይዟል። ኡቡንቱን ወደ አዲስ እትም ስታሻሽሉና ፓይተኑ ከ3.12 ሲያልፍ አዲሱ ፓይተን የድሮውን ፎልደር አያይም፤ ጃንጎ በድንገት የጠፋ ይመስላል። በኦፕት ያለው ፎልደር እንዳለ ነው፤ ፋይሉን ወደ አዲሱ ማስቀመጫ መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀረው።

በየኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ አንዲት ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ የዶት ፒቲኤች ፋይሉ ሙሉ አድራሻ፣ በኦፕት ያለው የፎልደሩ ስም፣ የተጫነው እትምና ቀኑ ተጽፈውባታል። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ነገር ማንሳት ቢፈልግ እነዚያን ሁለቱን ይሰርዝ፤ በሥርዓቱ ላይ ሌላ የነካሁት ነገር የለም።